የፀሐይ አገር ሰው ቫይታሚን ዲ ለምን ያንሰዋል?
ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምና የቫይታሚን ዲ መጠን፤ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

መግቢያ

ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ከሚሰሙት ቃላት መካከል «ወገቤን» የሚለውን ያህል የተለመደ ጥቂት ነው። ገበሬው ከእርሻው፣ እናቶች ከውኃና ከእንጨት ሸክማቸው፣ ካህናቱ ከረጅም ሰዓት ቁመት፣ የቢሮ ሠራተኛውም ከወንበሩ ይዘውት ይመጣሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ፣ በተለይ በከተማ አጥቢያዎች፣ «ተመርምሬ ቫይታሚን ዲ አንሶሃል ተባልኩ» የሚል ሌላ ቃል ተጨምሯል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ እንክብሉን ይልካል፤ የተላከለት ሰው ሻል ያለው ሲመስለው ለጎረቤቱ ያካፍላል። የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍልም «ለአረጋውያኑ ገዝተን ብናድልስ?» የሚል ሐሳብ ሊቀርብለት ይችላል።

ሐሳቡ ከመልካም ልብ የመነጨ ነው። መልሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በግራም በቀኝም ስሕተት አለና። አንደኛው ስሕተት፣ በእርግጥ እጥረት ያለበትና በጥቂት ወራት ሊታከም የሚችል ሰው «ዕድሜ ነው» ወይም «ስንፍና ነው» እየተባለ ዓመታት መሠቃየቱ ነው። ሁለተኛው ስሕተት፣ ለወገብ ሁሉ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ በአከርካሪ አጥንት ቲቢ የተያዘ ሰው እንክብል እየዋጠ የመታከሚያ ጊዜው ማለፉ ነው። ይህ ትምህርት የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ከሁለቱም ስሕተቶች ርቀው ምእመናንን እንዲመክሩ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ምንድን ነው?

የወገብ ሕመም የሚባለው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች እስከ መቀመጫ ድረስ ባለው የጀርባ ክፍል የሚሰማ ሕመም ነው። ከሦስት ወር በላይ ከቈየ ሥር የሰደደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ በ2050 ቍጥሩ ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። ሰውን ከሥራውና ከዕለት ተግባሩ በማስተጓጐል ረገድ በዓለም ቀዳሚው የጤና ችግር ይኸው ነው።

ከመቶ ሕመምተኞች መካከል ወደ ዘጠና ለሚሆኑት ሐኪሙ «ሕመሙ ከዚህ አጥንት ወይም ከዚህ ዲስክ የተነሣ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የሚያመለክተው አንድ ምክንያት አይገኝም። ይህ ማለት ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የጡንቻ መዛል፣ የአቀማመጥና የአነሣሥ ልማድ፣ ክብደት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የልብ ጭንቀት ተደራርበው ያመጡታል። መንሥኤው በግልጽ የማይታይ ሕመም ሲሆን ሰው ምክንያት መፈለጉ አይቀርም። ቫይታሚን ዲ የብዙ ተመራማሪዎችን ዐይን የሳበውም በዚሁ ክፍት ቦታ ነው።

2. ቫይታሚን ዲ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ቫይታሚን ዲ ከሌሎች ቫይታሚኖች የሚለየው ዋናው ምንጩ ማዕድ ሳይሆን ፀሐይ በመሆኑ ነው። በዐይን የማይታየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳችንን ሲነካ በቆዳ ውስጥ ያለ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ከዚያም ጉበት አንድ ጊዜ፣ ኩላሊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ለውጠው ለሥራ ያዘጋጁታል። የተዘጋጀው ቫይታሚን አንጀት ካልሲየምንና ፎስፎረስን ከምግብ እንዲቀበል ያደርጋል፤ አጥንትም በእነዚህ ማዕድናት ይጠነክራል።

ይህ እውቀት የተገኘው በልጆች ሥቃይ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት በበርሊን ብዙ ሕፃናት እግራቸውን በሚያጣምመው በሪኬትስ በሽታ ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሕፃናቱን በአልትራቫዮሌት መብራት ፊት በማቆየት አጥንታቸው ሲጠነክር አሳየ። አንዱን ክንድ ብቻ ለመብራቱ ሲያጋልጥ ሌላኛው ክንድም አብሮ ይድን ነበር። በቆዳ ላይ የተሠራው ነገር በደም ተጕዞ መላውን አካል እንደሚያገለግል በዚህ ታወቀ። በ1922 ኤልመር ማክኮለም የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ሪኬትስን የሚፈውስ ንጥረ ነገር ቫይታሚን ዲ ብሎ ሰየመው።

በሰውነታችን ያለው መጠን የሚለካው በደም ምርመራ ሲሆን፣ የሚለካውም ጉበት የለወጠው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ዘገባ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ለብዙኃኑ ሰው አጥንት በቂ እንደሆነ፣ ከ12 በታች ሲወርድ ግን የእጥረት አደጋ እንዳለ ያስቀምጣል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ልኬቱን ከፍ አድርጎ ከ30 በታች ያለውን ሁሉ «በቂ ያልሆነ» ብሎት ነበር፤ በ2024 ባወጣው መመሪያ ግን ይህን ወሰን ትቶታል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ላይ 24 ወይም 26 የሚል ቍጥር አይቶ የሚደነግጥ ምእመን ቢኖር፣ ይህ ቍጥር ብቻውን በሽታ አለመሆኑን መንገር ተገቢ ነው።

3. በፀሐይ አገር እጥረቱ ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ደጋው ከፍ ያለ በመሆኑም ጨረሩ ይበረታል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አላት፤ ጳጉሜንም ጨምሮ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የምንለው ይህንኑ ነው። ሆኖም በአዳማና በአካባቢዋ በ174 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከመቶ 42ቱ መጠናቸው ከ20 ናኖግራም በታች መሆኑን አሳይቷል። ይበልጥ የሚያስተምረው በከተማና በገጠር መካከል የታየው ልዩነት ነው፤ ከከተማ ተማሪዎች መካከል ከመቶ ወደ 62 የሚጠጉት እጥረት ሲኖርባቸው፣ ከገጠሮቹ ግን 21 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናትም በኢትዮጵያውያን ደም የተገኘው መጠን ፀሐይ ከሚያንሳቸው ከኖርዌይ ሰዎች ያነሰ መሆኑን አመልክቷል።

ከዚህ የምንረዳው ፀሐይ በአገር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ቆዳን መንካት እንዳለበት ነው። እንዳይነካ የሚያደርጉት ምክንያቶችም ከኑሯችን የሚነሡ ናቸው።

ሀ. ቤት ውስጥ መዋል። ቢሮ፣ ሱቅ፣ ፋብሪካና የከተማ መኖሪያ ሰውን ከጠዋት እስከ ማታ ከጣራ በታች ያውሉታል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ያሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አይሠራም፤ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያስቀራልና።

ለ. አለባበስ። ጋቢ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ ለአካልም ለሥርዓትም የሚገቡ ልብሶች ናቸው፤ በፀሐይና በቆዳ መካከል መጋረጃ መሆናቸው ግን እሙን ነው።

ሐ. የቆዳ ቀለም። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጕዳት የሚጠብቀን ጸጋ ነው። በዚያው መጠን ግን ነጣ ያለ ቆዳ ያለው ሰው በአጭር ጊዜ የሚሠራውን ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

መ. ፀሐይን መፍራት። «ምች ይመታኛል» ብሎ ከቤት የማይወጣ፣ አራስ እናትንም ለሳምንታት በጨለማ ክፍል የሚያቈይ ቤተሰብ በየአጥቢያው አለ። በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት የእናት አካል ለልጁ ጭምር የሚሰጥበት ጊዜ በመሆኑ ጕዳቱ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድ እጥረቱ በብዛት እንደሚገኝ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አሳይቷል።

ሠ. ዕድሜና ደዌ። በዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳ ቫይታሚኑን የመሥራት አቅሙ ይቀንሳል። የጉበትና የኩላሊት ሕመም፣ ከፍተኛ ውፍረት፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታና ለቲቢ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች መጠኑን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ጾሙስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በቍጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ 800 ዩኒት ይመከራል። አንድ የእንቍላል አስኳል ያለው ወደ 40 ዩኒት ገደማ ነው። የቀኑን መጠን ከእንቍላል ብቻ ለማግኘት አሥራ አምስት ያህል መብላት ሊያስፈልግ ነው። ቫይታሚን ያልተጨመረበት የላም ወተትም ጥቂት ብቻ ይይዛል። በብዛት የሚገኘው ስብ ባላቸው የባሕር ዓሦች ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በጾምም በፍስክም ከብዙዎቻችን ማዕድ የራቀ ነው። ስለዚህ እጥረቱን በጾም ማሳበብ ትክክል አይደለም፤ የሚጾመውም የማይጾመውም ዋናውን ድርሻ የሚያገኘው ከፀሐይ ነውና። ለጾመኛው የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት የምግብ ዘይት ነው፤ ዘይት ሲገዛ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

4. በወገብ ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ምን አገኙ?

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በሳዑዲ ዓረቢያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ነው። ከስድስት ወር በላይ የቈየና መንሥኤው ያልታወቀ የወገብ ሕመም የነበረባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 52 ዓመት የሆኑ 360 ሰዎች ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከመቶ 83ቱ የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚኑ ከተሰጣቸው በኋላ ከታካሚዎቹ 95 ከመቶው መሻሻል እንዳሳዩ ተመዘገበ። ፀሐይዋ እጅግ በበረታ አገር እንዲህ ያለ እጥረት መገኘቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ምክንያቱ ግን ከላይ ካየነው የተለየ አይደለም፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያውላል፣ ልብሱም ይሸፍናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ከደጅ ሳይወጡ የሚሠሩ እኅቶቻችንም በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ይኖራሉ። ከስደት ተመላሽ የሆነች ወጣት «አጥንቴን» ስትል ይህን ማሰብ ይገባል።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናት ታተመ። መንሥኤው ያልታወቀና የማይለቅ የጡንቻና የአጥንት ሕመም ካለባቸው 150 ታካሚዎች መካከል 140ዎቹ፣ ማለትም 93 ከመቶው፣ መጠናቸው 20 ናኖግራም ወይም ከዚያ በታች ነበር። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ደግሞ ሁሉም እጥረት ነበረባቸው። ፀሐይ ለወራት በምትደክምበት አገር ጥቁር ቆዳ ይዞ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይህ ያሳያል። በሰሜኑ ዓለም ያሉ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

5. አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም

እነዚህን ቍጥሮች የሰማ ሰው «እንግዲያው የወገብ ሕመም ምክንያቱ ታወቀ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ አጥቢያ ከቅዳሴ ሲወጡ ወገባቸውን የሚያማቸውን እናቶች ሁሉ ብንቈጥር ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ነጠላ ለብሰው እናገኛቸዋለን። ከዚህ ተነሥተን «ወገብ የሚያሳምመው ነጠላ ነው» ብንል ማንም አይቀበለንም፤ ወገባቸውን የማያማቸው እናቶችም ነጠላ ለብሰዋልና። ቫይታሚን ዲም እንዲሁ ነው። በአንድ አገር አብዛኛው ሰው እጥረት ካለበት፣ የወገብ ሕመምተኛውም፣ የራስ ምታት ያለበትም፣ ጤነኛውም ቢመረመር መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ሁለቱ ጥናቶች ሕመምተኞችን ብቻ መረመሩ እንጂ ሕመም ከሌላቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር አላነጻጸሯቸውም።

ሌላም ነገር አለ። ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ገበያና ወደ እርሻ መውጣት ይተዋል፤ ከቤት ይውላል፤ ፀሐይም ያጣል። እንግዲህ እጥረቱ ሕመሙን ያመጣው ሳይሆን ሕመሙ እጥረቱን ያመጣው ሊሆን ይችላል። መሻሻሉንም በተመለከተ፣ የወገብ ሕመም በባሕርይው አንድ ጊዜ ይጠናል፣ ሌላ ጊዜ ይላላል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በጠናበት ሰዓት በመሆኑ ከዚያ በኋላ ምንም ቢወስድ፣ ባይወስድም እንኳ፣ ሻል ማለቱ የተለመደ ነው።

ይህን ለመለየት የሚረዳው፣ ግማሾቹ ታካሚዎች ቫይታሚኑን፣ ግማሾቹ ደግሞ የሚመስል ባዶ እንክብል ሳያውቁ የሚወስዱበት የንጽጽር ጥናት ነው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ በዝቅተኛ መጠንና በወገብ ሕመም መካከል ዝምድና መኖሩ፣ ይህም እጥረቱ በበረታባቸው ሰዎችና በሴቶች ላይ ጐላ ብሎ መታየቱ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ቫይታሚኑን መስጠት በአጠቃላይ የወገብ ሕመምን ከባዶ እንክብል አብልጦ እንደሚያስታግስ አላሳዩም። ማንም ሰው ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን እንዳያወጣ ማስተማር ግዴታችን ነው።

6. እጥረቱ በእርግጥ የሚያሳምመው መቼ ነው?

ይህን ስንል ጉዳዩን ጨርሰን እንዝጋው ማለታችን አይደለም። እጥረቱ ጠንቶ ለረጅም ጊዜ ሲቈይ በጎልማሶች ላይ ኦስቲዮማላሺያ የሚባል የአጥንት መለስለስ ያመጣል። አጥንት በየጊዜው ይታደሳል፤ አዲሱ አጥንት ማዕድን ካጣ ግን ኖራ እንዳልተቀላቀለበት ግድግዳ ሳይጠነክር ይቀራል። ይህም የሚያብሰለስል ሕመም ያስከትላል።

እንበልና አንዲት እናት በተቀራረበ ጊዜ ሦስት ልጆች ወልዳ አጥብታለች፤ ውሎዋ ከቤት ነው። ሕመሟ በወገቧ ብቻ አይወሰንም፤ ዳሌዋን፣ ጭኗንና የጎድን አጥንቶቿን ያማታል። ከበርጩማ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች፤ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፤ አረማመዷ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የቅልጥሟ አጥንት በጣት ሲጫን ያማታል። ጎረቤት «ሰነፈች» ይላታል፤ እርሷም ነገሩን ተቀብላ ትኖራለች። ይህች እናት ወደ ሐኪም ብትላክና እጥረቱ ቢረጋገጥ፣ በተገቢው መጠን ቫይታሚንና ካልሲየም ቢሰጣት፣ ሕመሙ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለቃታል፤ ጕልበቷም ይመለሳል። ለእርሷ እንክብሉ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ጎንበስ ሲል ብቻ ለሚያመው ሹፌር ግን ያው እንክብል ምንም ላይረዳው ይችላል። ሕመማቸው ሁለት ዓይነት ነውና ምክራችንም ሁለት ዓይነት መሆን አለበት።

7. ማን ይመርመር? ምን ያህል ይውሰድ?

የደም ምርመራው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም አይገኝም። ጤነኛ የሆነን ሰው ሁሉ መመርመር አይመከርም፤ ከላይ የጠቀስነው የ2024 መመሪያም ይህንኑ ይላል። ሐኪም ሊያየው የሚገባው የአጥንት መለስለስ ምልክት ያለበት፣ ለረጅም ጊዜ ከቤት ያልወጣ ሽማግሌ ወይም ባልቴት፣ በተደጋጋሚ የወለደችና ሕመሙ ከወገቧ አልፎ የተስፋፋባት እናት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ፣ እንዲሁም የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የአንጀት ደዌ ያለበት ሰው ነው። ሐኪሙ ካልሲየም፣ ፎስፎረስና አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባሉትን የደም ምርመራዎች አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል።

የሕክምናው መጠን የሐኪም ድርሻ ነው። እጥረቱ ለተረጋገጠበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ ቀን ለስምንት ሳምንት ነው። እዚህ ላይ የሚፈራ ስሕተት አለ፤ የሳምንቱን እንክብል በየቀኑ መዋጥ። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ሲበዛ በሽንት አይወጣም። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል፤ ጥማት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ግራ መጋባት ይከተላሉ፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር አንድ ጎልማሳ በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። የኩላሊት ሕመም ወይም ጠጠር ያለበትና የቲቢ ታካሚ የሆነ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ መጀመር አይገባውም። ከውጭ የሚላከውን እንክብል ከጎረቤት ጋር መካፈል በጎ ይምሰል እንጂ አደገኛ ልማድ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ፀሐይዋ ቫይታሚኑን ለመሥራት ብርቱ ናት፤ በአገራችን ይህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማለዳ የምንሞቃት ፀሐይ ሰውነትን ታፍታታለች እንጂ ለዚህ ሥራ ደካማ ናት። ፊትንና ክንድን፣ ሥርዓቱ በሚፈቅድበት በራስ ግቢም እግርን ገልጦ በሳምንት ጥቂት ቀናት ሳይቃጠሉ መቀመጥ ይጠቅማል። አልቢኖ የሆኑ ወገኖቻችን ግን ይህን ምክር መከተል የለባቸውም፤ ፀሐይ ለቆዳቸው ካንሰር ታመጣለችና የእነርሱ መንገድ በሐኪም የሚታዘዝ እንክብል ነው። የሕፃናትን ፀሐይ መሞቅ በተመለከተ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ምክር መከተል ይገባል።

8. ፈጽሞ ሊዘገይ የማይገባው ሕመምተኛ

ከሚከተሉት አንዱ የታየበት ሰው ቫይታሚንም ሌላም ሳይሞክር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሽንት ወይም ሰገራ መቈጣጠር ያቃተው፤ በብልት አካባቢና በመቀመጫው መካከል የመደንዘዝ ስሜት ያለው፤ እግሩ እየሰነፈ የመጣ ሰው በዚያው ቀን ይሂድ።

ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት፣ አከርካሪው መጕበጥ የጀመረ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት ለሚጠጡና ከከብት ጋር ለሚውሉ ሰዎች ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታም እንዲሁ ወገብን እያሳመመ ያተኵሳል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ ከዘገዩ ግን ቲቢው አከርካሪን ሰብሮ እግርን ሽባ ያደርጋል።

ከአደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የጀመረ፣ ቀድሞ ካንሰር የነበረበት፣ ሌሊት በእረፍትም የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰውም መዘግየት የለበትም።

ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች የቲቢም ሆነ ሌላ የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ካህናት በግልጽ ይንገሯቸው። ይህን ቃል ከካህን አንደበት ሲሰሙት የሚቀበሉት ብዙዎች ናቸው።

9. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ፤ «ለአረጋውያኑ ገዝተን ብናድልስ?» መልሱ፣ በጅምላ አይታደል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ሰው ተለይቶ ይታገዝ የሚል ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፣ የቤት ለቤት ጥየቃ። ለወራት ከቤት ያልወጡ አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና በየበኣታቸው ያሉ አረጋውያን መነኰሳትንና መነኰሳይያትን መዝግቦ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ደግፎ ወደ ግቢ የሚያወጣቸው ሰው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል መመደብ። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ፀሐይ በሚያርፍበት ስፍራ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ማዘጋጀትም ትንሽ ወጪ ያለው ትልቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ለአራስ እናቶች መናገር። ለክርስትና ዝግጅት ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ ካህናት አራሷ ደጅ ወጥታ ፀሐይ እንድታገኝ አንድ ቃል ቢናገሩ የምች ፍርሃት ይቀልላል።

ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴን ማበረታታት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ የሚሰጥ ትምህርትን ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶን ግን በመደበኛነት አይመክርም። ተኝቶ መዋል ሕመሙን ያጠነክረዋል። በየቀኑ በእግር መሄድ፣ ሸክምን ከፍሎ መያዝ፣ ከመሬት ሲያነሡ ጕልበትን ማጠፍ ገንዘብ አይጠይቁም። በደጅ የሚደረግ የእግር ጕዞ ደግሞ እንቅስቃሴንም ፀሐይንም ባንድ ጊዜ ይሰጣል።

አራተኛ፣ ለሕመምተኛው ማስተዋል። በስግደትና በረጅም ቁመት ወገቡ የሚብስበት ምእመን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ እንደ አቅሙ እንዲፈጽም ይነገረው። መቋሚያ ለማኅሌቱ ቁመት መደገፊያ እንደሆነ ሁሉ ታማሚው በወንበር ቢደገፍ የሚያሳፍር አይደለም።

አምስተኛ፣ የመላኪያ መንገድ ማበጀት። በስምንተኛው ክፍል የተዘረዘሩትን ምልክቶች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፤ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር መነጋገር፤ ለድኾች ሕመምተኞች ከልማት ገንዘቡ የመጓጓዣና የምርመራ ድጋፍ መመደብ። እንክብል በጅምላ ሊገዛበት የታሰበው ገንዘብ እዚህ ላይ ቢውል ብዙ ሰው ይጠቅማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ከሦስት ወር በላይ ከቤት ያልወጡ ስንት ሰዎች እናውቃለን? ማን ይጐበኛቸዋል?
2. «ሰነፈች» ወይም «አረጀ» ብለን የተውነው፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሰው በመካከላችን አለን?
3. የጎረቤቱን እንክብል የሚወስድ ሰው ብናገኝ ሳናሳፍረው እንዴት እንመክረዋለን?
4. የወገብ ሕመም፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት ምእመን ዛሬ ቢመጣብን ወዴት እንልከዋለን? በምን ገንዘብ?

ማጠቃለያ

ቫይታሚን ዲ ለአጥንት የግድ አስፈላጊ ነው፤ እጥረቱም በፀሐይዋ አገራችን ሳይቀር አለ። እጥረቱ የጠናበትን ሰው ፈልጎ ማግኘትና ማሳከም ከሥቃይ ያወጣዋል። የወገብ ሕመም ሁሉ ግን ከዚህ የመጣ አይደለም፤ እንክብሉም ለሁሉ አይሆንም። ከአባልና ከካህን የሚጠበቀው መድኃኒት ማዘዝ አይደለም፤ «ወገቤን» የሚለውን ሰው ጊዜ ሰጥቶ መስማት፣ ሕመሙ የት የት እንደሚሰማው፣ ስንት ጊዜ እንደቈየ፣ ትኩሳት እንዳለው መጠየቅና ወደሚገባው ስፍራ መላክ ነው። ይህን የሚያደርግ አጥቢያ ለብዙዎች ወገባቸውን ቀና የሚያደርግ ሥራ ይሠራል።